ለሰርግ ተነስቶ ሐውልት ግቢ ያረፈው ድሮን

ከዚያ ቅዳሜ በፊት የምታውቁኝ ሰዎች ካላችሁ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቃችሁ፤ ጉረኛ ነበርኩ። ሆሳዕና ውስጥ ሰርግ እየቀረጽኩ ነው የምኖረው። ድሮን ከገዛሁ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ። «ድሮኑ መጣ» ይሉኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ሰርግ ቤት ገብቼ ከሙሽራው እኩል ካልታየሁ ቅር ይለኝ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ልብሴን አይታ «አንተ ልጅ፣ የምታገባው አንተ ነህ ወይስ እሱ?» ብላኛለች።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ያሆዴ ካለፈ በኋላ ነው። ያሆዴ የሀዲያ የዘመን መለወጫ ነው፤ በመስቀል ሰሞን ይከበራል፤ ከእሱ በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። እኔም በአንድ ቅዳሜ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ተጠራሁ። የከተማዋን ስም ተዉልኝ፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። ከተማዋ መሀል አንድ ኮረብታ አለ። በአናቱ ላይ በጦርነት ለወደቁ የአካባቢው ልጆች የቆመ ሐውልት አለ፤ ከሐውልቱ ጀርባ ደግሞ የሚሊሻ ማሰልጠኛ ካምፕ። ሙሽሮቹ ቃል ኪዳን የሚፈጽሙበት ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታው በዚህ በኩል ነው፤ ምሳው የሚበላበት የሙሽራው አባት ቤት ደግሞ በዚያ በኩል። መንገዱ ኮረብታውን ዞሮ ያልፋል።

ለድሮኑ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ በዚህ አልታማም። ወረቀቱን የሰጠኝ ሠራተኛ ካርታ አውጥቶ ኮረብታውን በቀይ እስክሪብቶ ከበበልኝና «ቤተ ክርስቲያኑንና መንገዱን ቅረጽ። ይህችን ኮረብታ ግን እርሳት። በሐውልቱም በካምፑም ላይ አይታለፍም» አለኝ።

«ካምፑስ እሺ፣ ሐውልት ደግሞ ከሰማይ ምን ይደርስበታል? የሞተ ሰው ካሜራ አይፈራ!» ብዬ ቀለድኩ።

ሠራተኛው አልሳቀም። «ፈርም» አለኝ፤ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። ድሮን ሲነሳ የተነሳበትን ቦታ ይይዛል። እጃችሁ ላይ ካለው መቆጣጠሪያ ጋር ግንኙነቱ ቢቋረጥ ከፍ ይልና ቀጥ ብሎ ወደዚያ ቦታ ይመለሳል። የሚመለሰው እንደ መኪና በመንገዱ አይደለም፤ ወፍ እንደሚሄደው ነው። ስለዚህ መኪና ላይ ሆኖ አጀብ የሚቀርጽ ሰው በየመሀሉ መመለሻውን ማደስ አለበት። አንድ ቁልፍ መንካት ነው፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

እኔ ድሮኑን ያስነሳሁት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ከዚያ ፒክአፕ ላይ ቆሜ አጀቡን ተከተልኩ። ነጠላዬን ነፋሱ ያውለበልበዋል፣ የሙሽራዋ ሚዜዎች ከኋላ መኪና «ድሮኑ! እኛንም! እኛንም!» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔም በአንድ እጄ አወዛውዛለሁ። መመለሻ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣም። ኮረብታውን ዞር እንዳልን በድሮኑና በእኔ መካከል ኮረብታው ገባ፣ ስክሪኑም ጠቆረ።

ወዲያው ገባኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቆምኩበት ቦታ በሐሳቤ ቀጥ ያለ መስመር ባሰምር፣ መስመሩ በሐውልቱ አናት ላይ ያልፋል። ከፒክአፑ ዘልዬ ወረድኩና ባጃጅ አስቁሜ «ወደ ላይ! ወደ ላይ!» አልኩት። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ኃይለኛ ነፋስ እየነፈሰ ነበር፤ ባትሪው ደግሞ ተጋምሷል። ከፊት ነፋስ ያለበት ድሮን እንደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። ባትሪው ካለቀበት ደግሞ ካለበት ቦታ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ስደርስ ሐውልቱ ግቢ ውስጥ ሣሩ ላይ ወርዶ ነበር። ሦስት ሚሊሻዎች በሩቁ ከበውታል። «የማነው?» ሲሉ «የእኔ ነው» አልኩ፤ እስከዚህ ድረስ እውነት ተናግሬያለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን የተቀበለኝ ኢንስፔክተር ሸምሱ ይባላል። የቦኖሻ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። አልጮኸብኝም። ፈቃዴን አየ፣ በቀይ የተከበበውን ኮረብታ አየ፣ እኔን አየ።

«እዚህ ላይ የፈረምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ግንኙነቱ ተቋርጦ ነው እንጂ ሆን ብዬ አይደለም።»

«ሲያልፍ ይቀርጽ ነበር?»

ይቀርጽ ነበር። ካሜራው ወደ ታች እንዳዘነበለ ቀረጻው ክፍት ነው። ነገር ግን በካምፕ ላይ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ካምፕ መቅረጽ ሌላ። «አይ፣ ቀረጻውን ቀድሜ አጥፍቼዋለሁ» አልኩት። ጻፈው፣ ፈረምኩ። ድሮኑን ከነሚሞሪ ካርዱ ካርቶን ውስጥ አሽጎ ማኅተም መታበትና «ባለሙያ ከዞን ሰኞ ይመጣል። እስከዚያ ማንም አይከፍተውም» አለ። እኔ በልቤ ለሰኞ የማመካኘውን ከአሁኑ እያዘጋጀሁ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት የምሳ ዕቃ እንደያዙ እየሮጡ ገቡ። በሌላ እጃቸው የቁልፍ ዘለላ ይዘዋል።

«ሎምቢሶ እዚህ ነው?» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ከመቀመጫው ተነሳ። «እትዬ ዘነበች፣ ምነው? ጋሽ ሎምቢሶ ሐውልቱ ጋ አይደሉም እንዴ?»

ጋሽ ሎምቢሶ የሐውልቱ ጥበቃ ናቸው፤ እትዬ ዘነበች ደግሞ ባለቤታቸው። ሚሊሻዎቹ ድሮኑን ሲያገኙ በሩ ክፍት ነበር፤ ጥበቃው ለማመልከት ወርደው ነው ብለው ነበር የገመቱት። ግን አንድም ቢሮ አልመጡም።

«ቁልፉን መሬት ላይ ነው ያገኘሁት» አሉ እትዬ ዘነበች። «ሎምቢሶ ቁልፉን ጥሎ አይሄድም። የሰፈሩ ሰዎች አንድ የሚጮህ ነገር በሰማይ መጣ አሉኝ። እውነት ነው?»

ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ ነገሩን ያወቅሁት እሳቸው ቆመው ሲናገሩ ነው። ጋሽ ሎምቢሶ ከጦርነቱ ቆስለው የተመለሱ ናቸው። ሐውልቱ ላይ ከተጻፉት ስሞች ስድስቱ አንድ ምሽግ ውስጥ አብረዋቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። እነዚያን ልጆች የጨረሳቸው እንዲህ ከሰማይ እየጮኸ የሚመጣ ነገር ነው።

«ከመጣ ጀምሮ ንብ እንኳ ጆሮው ጋ ካለፈ ከቤት ይወጣል» አሉ። «ባለፈው ዓመት ድንጋይ ካባው ላይ ደማሚት ሲፈነዳ ጠፍቶ፣ በሁለተኛው ቀን ነው ወንዙ ሥር ያገኘነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ፍንጣሪ አለ። ኪኒኑን በሰዓቱ ካልወሰደ ይጥለዋል። ውሃ ዳር ከጣለው…» አልጨረሱትም። ኪኒኑ ከምሳው ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ያለውን ሰው ሁሉ አሰማራ። ሚሊሻዎቹ ወደ ወንዙ ወረዱ፣ ጎረቤቶች በየጓሮው ተበተኑ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አሥር ሰዓት ሆነ። አንድ ሚሊሻ መጥቶ «ወንዙ ጋ የለም፣ ጓሮዎቹንም አይተናል» አለ። ደመናው ደግሞ ከብዷል።

መናገር ያለብኝ መሰለኝ፤ ግን የተናገርኩት ቀላሉን ነው። «ሌላ ባትሪ አለኝ። ድሮኑን ከሰጣችሁኝ ከላይ ሆኜ በአሥር ደቂቃ ፈልጌ አገኛቸዋለሁ» አልኩ።

እትዬ ዘነበች እንዲህ ያዩኛል ብዬ አላሰብኩም። «በዚያው ድምፅ ልትፈልገው? መሬት ቆፍሮ ይገባል እንጂ ይወጣልሃል? ተወው ወንድሜ፣ ተወው።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። የሞተ ሰው ካሜራ አይፈራም ብዬ ቀልጄ ነበር። ሐውልቱ ሥር ሕያው ሰው ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ኢንስፔክተር» አልኩ።

«አቤት።»

«ድሮኑ ሲያልፍ ይቀርጽ ነበር። ካሜራው ወደ ታች ነበር። ጋሽ ሎምቢሶ በየት በኩል እንደሮጡ ካርዱ ላይ ሊኖር ይችላል።»

ኢንስፔክተር ሸምሱ ቃሌን የጻፈበትን ወረቀት አንስቶ አነበበው። «አልቀረጸም ብለህ ፈርመሃል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ካምፑም አለበት ማለት ነው?»

«አለበት።»

አሁን ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የሚያየው ካርቶኑን ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም አጣብቂኝ ውስጥ ገብቷል፤ ማኅተሙን ቢሰብር የሚጠየቀው እሱ ነው። ለአለቃው ደወለ። አላነሱም። ደግሞ ደወለ። ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የጣቢያውን ቆርቆሮ መቱት። እትዬ ዘነበች ወደ ጣራው ቀና አሉ።

ኢንስፔክተሩ ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። ራሱን ለማረጋጋት ነው ብዬ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ እየጻፈ ኖሯል። ጮክ ብሎ አነበበልን፦ «የታሸገው ካርድ የጠፋ ሰው ለማፈላለግ ብቻ፣ በስም የተጠቀሱት በተገኙበት ተከፍቷል። ከዚህ ውጭ የሚታይ ነገር የለም።» ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ፣ እትዬ ዘነበችም ፈረሙ። ከዚያ በመቀስ ማኅተሙን ቆረጠው።

ካርዱን ላፕቶፔ ላይ ከፈትነው። አጀቡ ታየ፣ የሚዜዎቹ እጅ ታየ፣ ከዚያ ምስሉ ቆም አለና ከፍ ብሎ ዞረ። የካምፑ ጣሪያዎች ሲመጡ ኢንስፔክተር ሸምሱ መዝገብ አንስቶ ስክሪኑን ጋረደው።

«አለፈ?» አለ።

«መዝገቡን ካላነሱልኝ በምን አውቃለሁ?» አልኩት።

በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። ቀስ ብሎ አነሳው። ሐውልቱ ላይ ደርሰናል።

አንድ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ቀና አለ። ተነሳ። መጀመሪያ አልሮጠም። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ታች ያወርዳቸዋል፤ ደግሞ ያነሳና ያወርዳቸዋል። ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባኝም። ኢንስፔክተሩ በቀስታ «ተኙ እያሉ ነው» አለ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ጋሽ ሎምቢሶ ባዶ ግቢ ውስጥ ቆመው ለጓዶቻቸው ተኙ ይላሉ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው፤ አላፈርኩም።

ከዚያ ሮጡ። በበሩ ወጥተው ቁልቁል ወረዱ፣ አጥር ዘለሉ፣ በደረታቸው ተሳቡ፣ ተነሱ፣ ቆርቆሮ ጣራ ካለው አንድ ቤት ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ገቡ። ነፋሱ ድሮኑን ስለያዘው ካሜራው ረጅም ጊዜ እዚያው አካባቢ ቆየ። ከእንሰቱ ግን ማንም አልወጣም።

«ይህን ጓሮ አይተነዋል እኮ» አለ ኢንስፔክተሩ። «በዚያ በኩል ገብተው በዚህ ወጥተዋል፤ ማንም የለም ብለውኛል።»

እትዬ ዘነበች ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «የእነ ደበበ ጓሮ ነው። ጉድጓዱን አይተዋል?»

«የምን ጉድጓድ?»

«የዋሳ ጉድጓድ ነዋ!» ዋሳ የምንለው ቆጮን ነው፤ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ይቀበራል። «ለያሆዴ አውጥተው ጨርሰውታል። ገና አልሞሉትም፤ ቅጠል ጥለውበት ትተውታል። ከላይ ሲታይ የተከመረ ቅጠል ነው። እሱ ወታደር ነው፤ የሚፈልገው ምሽግ ነው!»

ሳይጨርሱ ወደ በሩ እየሮጡ ነበር። ዝናቡ አሁን ይወርዳል ሳይሆን ይደፋል። ጓሮው ደግሞ ተዳፋት ላይ ነው፤ የላይኛው ጎርፍ ሁሉ የሚወርደው ወደዚያው ነው።

ኢንስፔክተሩ መኪናውን ራቅ አድርጎ አስቆመና ሞተሩን አስጠፋ። ሚሊሻዎቹን ከአጥሩ ውጭ እንዲቆሙ አደረገ፤ የራሱንም ኮፍያ አወለቀ። እኔን ግን «አንተ ና» አለኝ። እትዬ ዘነበች ከፊት፣ እኛ ከኋላ በእንሰቱ መካከል ገባን። የቅጠሉ ክምር መካከሉ ሰርጎድ ብሏል፤ ቡናማ ውሃ ከላይ በቀጭኑ ይገባበታል። እሳቸው ጭቃው ላይ በደረታቸው ተኝተው አንድ ቅጠል ገለጥ አደረጉና በሀዲይኛ ቀስ ብለው ተናገሩ።

ከታች ድምፅ መጣ። «ተኚ! ጭንቅላትሽን ዝቅ አድርጊ!»

በሕይወት አሉ! ኢንስፔክተሩ ክንዴን ጨበጠኝ፤ ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም።

«ተኝቻለሁ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ሄዷል፣ ውጣ።»

«አልሄደም። ይዞራል እንጂ አይሄድም።»

ተንበርክኬ ወደ ጉድጓዱ አየሁ። ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሷል። ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ምን እንደምል ሳላዘጋጅ ነው የተናገርኩት።

«ጋሽ ሎምቢሶ፣ ያበረርኩት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ። አሁን ጣቢያ ታሽጎ ተቀምጧል። የጦር አይደለም፤ የሰርግ ካሜራ ነው።»

«የምን?» አሉ።

«የሰርግ።»

«የማን ሰርግ?»

የሙሽራዋን አባት ስም ነገርኳቸው። እጃቸውን ከአናታቸው ላይ አወረዱና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጁን ዳረ እንዴ? ሳይጠራኝ!»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ጭቃው ላይ እንደተኙ፣ እያለቀሱ ሳቁ። ኢንስፔክተሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጋሽ ሎምቢሶ ግን ከልባቸው ተቀይመው ነበር። በቃጫ ገመድ ወገባቸውን አስረን ሦስት ሆነን ጎተትናቸው። እግራቸው ደንዝዞ መቆም አቃታቸው። እትዬ ዘነበች ኪኒኑን ከደረታቸው አውጥተው አጎረሷቸውና የዝናቡን ውሃ በእጃቸው ጨልፈው አጠጧቸው። እኔ ደግሞ አዝዬ እስከ መኪናው ወሰድኳቸው። ቀላል ሰው ናቸው።

ከዚያስ? ሙሽሮቹ ከሰማይ ባይታዩም ተጋብተዋል፤ ምንም አልጎደለባቸውም። እኔ ጣቢያ አደርኩ፣ ተከሰስኩ፣ ድሮኑም ለወራት ታግዶ ቆየ፤ አላማርርም። በማግሥቱ ዋስ ስፈልግ ጓደኞቼ ስልክ አላነሱም ነበር። ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። «ለምን?» ብዬ ስጠይቃቸው «ውሸትህን ራስህ አወጣህ። ዝም ብትል ኖሮ ጉድጓዱ ይሞላ ነበር» አሉኝ። ኢንስፔክተሩም ስለ ማኅተሙ ተጠየቀ፤ ቃለ ጉባኤውን አሳየና ታለፈ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሥራችሁ እንደ እኔ የሆነ፣ ካርታ ላይ ቀይ መስመር ስታዩ እንደ እኔ አትቀልዱ። እኔ ክልከላ ሲባል የቢሮ ሰው ሥራ ለማክበድ የፈጠረው ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ከማስነሳቴ በፊት አካባቢውን በእግሬ እዞራለሁ። ከሥር የሚኖረው ማን ነው? የታመመ አለ? ከጦርነት የተመለሰ አለ? ብዬ እጠይቃለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ድሮኑ ሲመለስልኝ መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ሎምቢሶ ቤት ነው። «የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ይቅር፣ እሸጠዋለሁ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አትሽጠው። አስቀድመህ ንገረኝ ብቻ» አሉኝ። በዚያች ከተማ አቅራቢያ ሥራ ካለኝ፣ ፈቃዱ በእጄ ሆኖም፣ እደውልላቸዋለሁ። «ስንት ደቂቃ ነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። እትዬ ዘነበች በሩን ዘግተው ሬዲዮ ከፍ አድርገው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ሲያልቅ «አልቋል» እላለሁ፤ «እሺ» ብለው ይዘጉታል። እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን።

ባለፈው ወር ከኮረብታው ርቆ ሜዳ ላይ ሌላ ሰርግ ነበረኝ። እንደ ልማዴ አስቀድሜ ነገርኳቸው፣ ቀረጽኩ፣ አወረድኩ፣ ደወልኩ። «አልቋል፣ ጋሽ ሎምቢሶ።»

እሺ ብለው አልዘጉም።

«ዛሬ ወጥቼ አየሁት» አሉኝ። «ከሩቅ። ዘነበች እጄን ይዛኝ።»

«እና… እንዴት ነው?»

«ትንሽ ነው እኮ» አሉኝ።